የተግባር ትንተና ለምን መጨረሻ ላይ ተቀመጠ? የጤና ማሠልጠኛ ሞጁሎቻችን ከምዕራብ ሸዋ ሲታዩ

መግቢያ

በሀገራችን የጤና ትምህርት ታሪክ ውስጥ ስማቸው በተደጋጋሚ የሚነሣ፣ ነገር ግን በሂስ ዓይን እምብዛም ያልተነበቡ ጽሑፎች አሉ። እነዚህም በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ሥልጠና ኢኒሼቲቭ አማካይነት የተዘጋጁት የመማሪያ ሞጁሎች ናቸው። ኢኒሼቲቩ እ.ኤ.አ. በ1997 በካርተር ማዕከል ድጋፍ ሥራ ጀምሮ በ2010 ለመንግሥት ተላልፏል። በነዚህ ዓመታት የዩኒቨርሲቲ መምህራኖቻችን ከ200 በላይ የመማሪያ ጽሑፎችን አዘጋጅተዋል። ወባን፣ የሳንባ ነቀርሳን፣ ተቅማጥን፣ ኤች አይ ቪን የሚመለከቱት ሞጁሎች ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ናቸው።

እነዚህን ሞጁሎች ዘመናቸው አልፏል ብሎ መተው አይገባም፤ ዛሬ በየኮሌጁ የሚዘጋጁት የመማሪያ ጽሑፎች በብርታታቸውም በድክመታቸውም በብዙ መልኩ ይመስሏቸዋልና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሞጁሎቹን እንደ አንድ የትምህርት አሰጣጥ ንድፍ መርምሮ አንድ ነጥብ ማስረዳት ነው። ይኸውም ከክፍሎቻቸው ሁሉ የተሻለው ክፍል ያለ ቦታው መቀመጡና ይህም የቦታ ጉዳይ በአምቦ ተምሮ በጌዶ፣ በጀልዱ ወይም በግንደ በረት ለሚመደበው ባለሙያ ትልቅ ትርጉም ያለው መሆኑ ነው።

የንድፍ መሠረት

የትምህርት አሰጣጥ ንድፍ የሚባለው ሙያ የሚያጠነጥነው በጥቂት ጥያቄዎች ዙሪያ ነው። ራልፍ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው አነስተኛ መጽሐፍ ጥያቄዎቹን በአራት ከፍሎ አቅርቧቸው ነበር። የትምህርቱ ዓላማ ምንድን ነው? ዓላማው የሚደረሰው በየትኛው የመማር ልምድ ነው? ልምዶቹ በምን ቅደም ተከተል ይደራጁ? መደረሱስ በምን ይታወቃል? ልብ ሊባል የሚገባው፣ ታይለር ዓላማ የሚቀዳው ከትምህርት ዘርፉ ሊቃውንት ብቻ ነው አለማለቱ ነው። ከተማሪው ሁኔታና ከትምህርት ቤቱ ውጭ ካለው ሕይወትም መቀዳት እንዳለበት ጽፏል። በ1996 ጆን ቢግስ ይህንኑ አሳብ በማጠናከር ዓላማ፣ የማስተማር ተግባርና ምዘና እርስ በርሳቸው ካልተሰናሰሉ ተማሪው የሚከተለው ምዘናውን እንደሆነ አሳይቷል። በሕክምና ትምህርት በኩል ደግሞ ጆርጅ ሚለር በ1990 የአንድን ባለሙያ ብቃት በአራት ደረጃ ከፈለው፦ ማወቅ፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ፣ ሠርቶ ማሳየት፣ በመጨረሻም በሥራ ቦታ በእርግጥ መሥራት።

እነዚህ አሳቦች ለእኛ እንግዳ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1954 የጎንደር የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና ሳኒቴሪያንን በአንድ ቡድን ያሠለጥን የነበረው ጤና ጣቢያው የሚፈልገው ሥራ ቡድን የሚጠይቅ ስለነበረ ነው። ጂማም እ.ኤ.አ. በ1983 ከተመሠረተ ጀምሮ ኅብረተሰብን መሠረት ያደረገ ትምህርትን መለያው አድርጎ ይዟል። በሁለቱም ዘንድ መነሻው ሥራው ነበር፤ የትምህርቱ ይዘት የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው።

የሞጁሎቹ ብርታት

ሞጁሎቹ የጎንደርን ቅርስ መውረሳቸው በግልጽ ይታያል። እያንዳንዱ ሞጁል ለሁሉም የሙያ ዘርፎች የጋራ የሆነ ዋና ሞጁል አለው። ከዚያም ለጤና መኮንኑ፣ ለኅብረተሰብ ጤና ነርሷ፣ ለአካባቢ ጤና ባለሙያውና ለላቦራቶሪ ቴክኒሽያኑ ለየብቻ የተዘጋጁ ሳተላይት ሞጁሎች ይከተላሉ። ተማሪው በቅድሚያ የጋራውንና የሙያውን ቅድመ ፈተና ይሠራል፣ ዋናውን ሞጁል ያነብባል፣ ወደ ሙያው ሳተላይት ሞጁል ያልፋል፣ በመጨረሻም ያንኑ ፈተና ደግሞ በመሥራት ለውጡን ይመዝናል። የሕመምተኛ ታሪክም ቀርቦ ውይይት እንዲደረግበት ይጋብዛል።

ይህ አወቃቀር ለዘመኑ ታላቅ እርምጃ ነበር። የላቦራቶሪው ተማሪና የነርሷ ተማሪ ስለ አንድ ሕመምተኛ በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገሩ አድርጓል። ከውጭ የመጣን መጽሐፍ ከመገልበጥ ይልቅ የሀገሪቱ መምህራን ከየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው፣ ተከራክረውና ተራርመው መጻፋቸውም ሊመሰገን የሚገባው ነው።

ጉድለቱ የት ላይ ነው?

በሞጁሎቹ ውስጥ የተግባር ትንተና የሚባል ክፍል አለ። በሠንጠረዥ መልክ የተዘጋጀ ሲሆን በዕውቀት፣ በአመለካከትና በተግባር ተከፍሎ እያንዳንዱ የጤና ጣቢያ ባለሙያ ምን መሥራት እንዳለበት ይዘረዝራል። በእኔ አስተያየት ከሞጁሎቹ ሁሉ እጅግ ዋጋ ያለው ክፍል ይህ ነው። ይሁን እንጂ የተቀመጠው ከዋናውና ከሳተላይት ሞጁሎቹ በኋላ፣ ከቃላት መፍቻው ቀደም ብሎ ነው። ተማሪው እዚያ የሚደርሰው በሽታው እንዴት እንደሚተላለፍ፣ ሥርጭቱን፣ ምልክቱንና ሕክምናውን አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ጊዜ ሲያጥር በቀላሉ የሚዘለለውም ይኸው ክፍል ነው።

ጉዳዩ የገጽ ቅደም ተከተል ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቸነው ነበር። ነገር ግን የተግባር ትንተና መነሻ ሲሆን ምን መማር እንዳለበት ይወስናል፤ መድረሻ ሲሆን ግን ቀደም ብሎ የተወሰነውን ይዘት ያጸድቃል እንጂ አይለውጠውም። የተቅማጥ በሽታን ትምህርት እንመልከት። መጠነኛ የፈሳሽ እጥረት ያለበት ሕፃን በአራት ሰዓት ውስጥ በኪሎ ግራም 75 ሚሊ ሊትር የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ውሁድ ሊሰጠው እንደሚገባ ተማሪዎቻችን ሁሉ ያውቃሉ። 8 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን 600 ሚሊ ሊትር መሆኑንም በወረቀት ላይ ያሰላሉ። ሥራው ግን ከዚህ ያለፈ ነው። ሚዛኑ ተበላሽቶ የሕፃኑ ክብደት ባይታወቅ በዕድሜው መገመት፣ 600 ሚሊ ሊትሩ በጤና ጣቢያው ባለው ብርጭቆ ስንት እንደሚሆን ማወቅ፣ እናቲቱ በማንኪያ ቀስ በቀስ እንድትሰጥ ማሳየት፣ ሕፃኑ ቢያስታውክ ጥቂት ቆይታ እንድትቀጥል መንገር፣ ከአራት ሰዓት በኋላም መልሶ መመርመር ይጠይቃል። ትምህርቱ ከዚህ ዝርዝር ቢጀምር ኖሮ፣ ስለ አንጀት ሕዋሳት የሚሰጠው ገለጻ ለምን እንደሚያስፈልግና ምን ያህል እንደሚበቃ ግልጽ በሆነ ነበር።

ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው የሚመነጭ ነው። በተግባር ትንተናው ውስጥ ባለሙያው እንዲሠራቸው የተዘረዘሩት ነገሮች በድኅረ ፈተናው አይለኩም። ፈተናው በወረቀት የሚመለስ ነው። ከቅድመ ፈተናው ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑም የውጤቱ ማደግ የመማር ምልክት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ ጥያቄውን የማስታወስ ምልክትም ሊሆን ይችላል። በሚለር አከፋፈል ዓላማው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተጽፎ ምዘናው አንደኛው ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

አንድ ሞጁል፣ ብዙ ከፍታ

ሦስተኛው ጉድለት የቦታ ነው፤ ምዕራብ ሸዋ ደግሞ ይህን ለማየት የተመቸ ዞን ነው። ከአምቦ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ባኮ ከባሕር ወለል በላይ 1,650 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ወባ የምታውቃት ከተማ ናት። የጀልዱ ደጋ ግን የወባ ወሰን ተደርጎ ከሚወሰደው 2,000 ሜትር እጅግ ከፍ ያለ ነው። በባኮ የሚመደበው ባለሙያ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሲያይ የመጀመሪያ ጥያቄው ሌላ ነው፤ በጀልዱ የሚመደበው ደግሞ ሕመምተኛው ሰሞኑን ወደ ቆላ ወርዶ እንደነበረ መጠየቅ አለበት። ለመላው ሀገሪቱ የተዘጋጀ አንድ የወባ ሞጁል ይህን ልዩነት ለመምህሩ ይተወዋል። መምህሩ ካልሞላው ማንም አይሞላውም።

የዘር ተመራማሪዎች ይህን ከእኛ ቀድመው የተረዱት ይመስላል። የባኮው የምርምር ማዕከል ቢ.ኤች 660 የተባለውን በቆሎ ለወይና ደጋ ሲያወጣ፣ የደጋው የበቆሎ ምርምር ደግሞ በአምቦ ተደራጅቶ ጅባት የተሰኘውን ኤ.ኤም.ኤች 851 የመሰሉ ዝርያዎችን አስገኝቷል። ለአንድ መንገድ ሁለት ጫፎች አንድ ዘር አይበቃም ብለዋል። እኛ ግን ለሁለቱም አንድ ሃንድአውት እንበትናለን።

ሌላም ምሳሌ አለ። በሚዳ ቀኝና በመሳሰሉት የደጋ ወረዳዎች በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ በመሥራት የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው፣ የታወቀ ችግር ነው። በሀገሪቱ በዚህ በሽታ የተያዙት ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ይገመታል። ተማሪው በሽታውን በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት እንዲለይ ይጠየቃል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሕመምተኛው ግን የሚድነው ከሥቃዩ እንጂ በስሙ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እንዳረጋገጠው፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ በተበረዘ የበረኪና ውኃ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ድንገተኛ የእግር ቁጣን ይቀንሳል። ይህን ለሕመምተኛው በእጅ ማሳየት የሚችል ተመራቂ ለማፍራት የሚያስፈልገው አንድ የውኃ ሳፋ፣ ሳሙና፣ ፎጣና ግማሽ ቀን ነው። አብዛኛው የሚዳ ቀኝ ሕመምተኛ የሚናገረው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ፣ በእንግሊዝኛ የተማረውን በሕመምተኛው ቋንቋ ማስረዳትም እንደ አንድ ክህሎት ሊቆጠር፣ ሊሰለጠንበትና ሊፈተን ይገባዋል። በመማሪያ ጽሑፎቻችን ውስጥ ግን ይህ ክህሎት ራሱን ችሎ ሲቀመጥ እምብዛም አይታይም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

አንባቢ ሁለት ተቃውሞዎችን ሊያነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ሥርዓተ ትምህርቱ በሀገር አቀፍ ደረጃ የተዋሐደ ስለሆነ መምህሩ ሊለውጠው አይችልም የሚል ነው። የተዋሐደው ሥርዓተ ትምህርት የኮርሱን ስም፣ ክብደትና ዋና ዋና ይዘት ይወስናል። የትኛው የሕመምተኛ ታሪክ እንደሚቀርብ፣ ትምህርቱ ከየት እንደሚጀምር፣ የክፍል ውስጥ ፈተናው ምን እንደሚመስል ግን በአብዛኛው በመምህሩ እጅ ነው። ንድፍ የሚሠራውም እዚያ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። የጤና ባለሙያዎች የብቃት ምዘና አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። በመጀመሪያው ዙር የመውጫ ፈተና ያለፉት 40 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ መምህሩ ለምርጫ ጥያቄ ቢያዘጋጅ ማን ይፈርድበታል? ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ ቢግስ ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ሥራን መነሻ አድርጎ የተማረ ሰው የምርጫ ጥያቄን መመለስ አያቅተውም፤ በምርጫ ጥያቄ ብቻ የተማረ ሰው ግን ሕፃኑ ፊት ሲቀርብለት ሊያቅተው ይችላል። ስኮትላንዳዊው ሮናልድ ሃርደን እና ባልደረቦቹ ኦስኪ የሚባለውን የተግባር ፈተና ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ውድ መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም፤ ጠረጴዛ፣ ሰዓት፣ የመመዘኛ ቅጽና የሚተባበር ሰው ይበቃል።

የመምህራን ሥልጠናም ሊታሰብበት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም ብዙ መምህራንን ስለ አሳታፊ ዘዴና ስለ ምዘና አስተምሯል። መጀመሪያ የታሰበው ግን መምህራንን ለሚያሠለጥኑ መምህራን ስለነበረ፣ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚደረገውን ማስተማር መነሻው አላደረገም። ይህን መሙላት የጤና ኮሌጆች ድርሻ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው በመነሣት ሦስት ነገሮችን ማቅረብ ይቻላል። አንደኛ፣ አንድን ኮርስ የሚያዘጋጅ ክፍል በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶና በባኮ ከሚሠሩ ባለሙያዎች ጋር ተቀምጦ የሥራ ዝርዝር ያውጣ፤ ዝርዝሩም የሞጁሉ የመጀመሪያ ገጽ ይሁን። ሁለተኛ፣ ማስተማሪያው ከመጻፉ በፊት ምዘናው ይጻፍ፤ ከሥራዎቹም ቢያንስ ዋና ዋናዎቹ በተግባር፣ በሕመምተኛውም ቋንቋ ይፈተኑ። ሦስተኛ፣ የንድፈ አሳቡ ይዘት በመጨረሻ ይመረጥ፤ ለተዘረዘሩት ሥራዎች የማይጠቅመው ይቀነስ፣ የጎደለው ይጨመር።

አምቦ እ.ኤ.አ. በ1947 የእርሻ ትምህርት ቤት ስትከፍት፣ ያለ ማሳ እርሻን ማስተማር እንደማይቻል ተከራካሪ የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። የጤና ትምህርት ማሳ ጤና ጣቢያው ነው። የኢኒሼቲቩ ደራሲያን ይህን ያውቁ ነበር፤ በሠንጠረዣቸውም አስፍረውታል። ለእኛ የተረፈን ሥራ ያንን ሠንጠረዥ ከመጽሐፉ ጀርባ አንሥቶ ከፊቱ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሌላውን ሁሉ በእርሱ ልክ መቁረጥ ነው።