የታፔላው በሬና የጠፋው ሻኛ

ስለ ሥዕል ጥበብ የሚጻፈው ሒስ ከዐውደ ርእይ አዳራሽ ደጃፍ ወጣ ብሎ ሲራመድ እምብዛም አይታይም። ይሁንና ሰፊው ሕዝብ በየዕለቱ እያየው የሚኖረው ሥዕል በአዳራሽ የተሰቀለው ሳይሆን በሱቅ ግንባር፣ በምግብ ቤት ግድግዳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በልኳንዳ ቤት ታፔላ ላይ የተቀባው ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ተሰናብቶ ቁልቁለቱን ሲጨርስ የቆላው ሙቀት ይቀበለዋል፤ ከመነሻው 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆም ሸዋ ሮቢት ይገባል። በዚህ መንገድ ዳር እንደሚገኙት አነስተኛ ከተሞች ሁሉ በሸዋ ሮቢትም የቤተሰብ ልኳንዳ ከፊት መሸጫ፣ ከጓሮ መኖሪያ ነው። የታፔላው ሥዕልም በመላ አገሪቱ ከሚታየው ወገን ነው፤ በላሜራ ላይ በዘይት ቀለም የተሣለ በሬ፣ ከእግሩ ሥር ለምለም ሣር፣ ከኋላው ሰማያዊ ተራራ፣ አንዳንዴም ውኃና ንጹሕ መንደር።

ይህ መንደር የት ይገኛል ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የለውም። የይፋት ቆላ የማሽላና የማሾ፣ የሽንኩርትና የግራር አገር ነው። ወንዝ በደረሰበት ይለመልማል፤ ከዚያ ወዲያ በበጋ ሣሩ ይነጫል፤ ከብቱም ውኃ ፍለጋ ረጅም መንገድ ይነዳል። የታፔላው ከተማ ግን አቧራ የለውም፤ በሬው ገመድ አያውቅም፤ ወቅቱም ሁልጊዜ መስከረም ነው። ችኩል ሐያሲ ይህን ከእውነታ መሸሽ ብሎ ሊፈርጀው ይችል ይሆናል። ፍርዱ ግን ከባድ ነው። ደረቁን ወራት በሥጋት የሚያሳልፍ ከብት አርቢ ሣር ቢመኝ፣ ያንን ምኞት ሠዓሊው በአረንጓዴ ቀለም ቢጽፈው ሐሰት አልተናገረም። ሕዝብ የሚመኘውን ማሳየት ከጥንት ጀምሮ የሥዕል አንዱ ተግባር ነው።

በሣሩ ላይ የቆመው በሬ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙውን ጊዜ ይህ በሬ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር፣ ጀርባው እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ፣ ከቀን መቁጠሪያ ወይም ከወተት ቆርቆሮ የተገለበጠ የአውሮፓ ከብት ነው። ሻኛ የለውም። እዚህ ላይ ሥዕሉ ከሚያስተዋውቀው ሸቀጥ ጋር በግልጽ ይጣላል። የአገሩ በሬ ባለ ሻኛ ነው፤ ሻኛም ጥሬ ሥጋ ወዳዱ አስቀድሞ ከሚጠይቃቸው ብልቶች አንዱ ነው። ሻኛ የሌለውን በሬ ከደጅ ሰቅሎ ከውስጥ ሻኛ የሚሸጥ ቤት ሥዕሉን ፈጽሞ አላየውም ማለት ነው፤ ወይም ሥዕል እንደ በር ቀለም እንጂ እንደ ንግግር አልቆጠረውም። ሥጋ ቆራጩ ሽንጡን ከዳቢቱ፣ ጭቅናውን ከፍሪምባው፣ ታላቁን ከታናሹ ያለ ስሕተት ለይቶ ያወርዳል። ቢላዋው የሚያውቀውን ያህል ብሩሹ አያውቅም። ከልኳንዳው ውስጥ ያለው የቃላት ሀብት ራሱ የቆመ ሥነ ጽሑፍ ሲሆን፣ ከደጅ የተሰቀለው ሥዕል ግን መሃይም ሆኖ ይቀራል። (ልኳንዳ የሚለው ቃል ራሱ በጣሊያንኛ የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። ቃሉ አገሩን ሲለውጥ ሥራውንም ለወጠ፤ በሬው ግን አገሩን ሳይለውጥ መጣ።)

ከበሬው ይልቅ የሚያሳዝነው የሰው መጥፋት ነው። ታፔላው የአባትን ወይም የበኩር ልጅን ስም በደማቅ ቀይ ይጽፋል፤ ፊደሉንም ጥላ አልብሶ ያስውባል። ጥብሱን ከጓሮ የምታደርሰው እናት፣ ሒሳብ የምትይዘው ልጅ፣ ሌሊት በሬ ሊያሳርድ የወጣው ወንድም ግን በሥዕሉ ላይ የሉም። ቤቱን የሚያቆመው ጉልበታቸው ነው፤ ሥዕሉ ግን በሬው በራሱ ፈቃድ መጥቶ ሚዛን ላይ የወጣ ያስመስለዋል።

ይህ የጥበቡ የተፈጥሮ ጉድለት አለመሆኑን የሌላው ዓለም ምሳሌ ያሳያል። ጣሊያናዊው አኒባሌ ካራቺ እ.ኤ.አ. በ1580ዎቹ የሣለውና ዛሬ በኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች የሚገኘው ታላቅ የልኳንዳ ሥዕል ሥጋ ቆራጮችን በሥራቸው ላይ ያሳያል። አንዱ ይመዝናል፣ አንዱ ይሰቅላል፣ አንዱ ለማረድ ይንበረከካል፤ ማንም አይሳቅበትም። የአጎቱ ልጅ የሠዓሊው ሉዶቪኮ አባት ሥጋ ሻጭ ስለነበር ካራቺ የሚሥለውን ከቤት ያውቀዋል። ከዚህ ይልቅ ለይፋት የሚቀርበው ግን ጆርጂያዊው ኒኮ ፒሮስማኒ ነው። ይህ ሰው ከ1862 እስከ 1918 እ.ኤ.አ. ኖሮ የትብሊሲን መጠጥ ቤቶች ታፔላና ግድግዳ ሲቀባ ዕድሜውን ፈጀ። የሣላቸው እንስሳት የአገሩ እንስሳት፣ የማዕዱ ታዳሚዎችም የጎረቤቶቹ ፊት ያላቸው ናቸው። ተቺዎች ዘግይተው አገኙት እንጂ እርሱ ታፔላ ቀቢ ከመሆን ያለፈ ስም አልጠየቀም። በአገር ውስጥም ቢሆን ከይፋት ቆላ በላይ ከተንጠለጠለችው አንኮበር በ1925 ዓ.ም. አፈወርቅ ተክሌ ተወልዷል፤ በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተቋቋመም ብዙ ዐሠርት ዓመታት አልፈዋል። የታፔላ ቀቢው ግን ከዚያ ታሪክ ውጭ፣ ስሙን በሥራው ግርጌ ሳያሰፍር ያልፋል።

በአንድ ነገር ግን የታፔላው ሥዕል ፍጹም ትክክለኛ ነው፤ ይኸውም በመስቀሉና በጨረቃው ነው። ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙ ሙስሊም ያረደውን ስለሚበላ፣ በታፔላው ጥግ ላይ የሚሣለው መስቀል ወይም ጨረቃ ጌጥ ሳይሆን ለማያውቀው እንግዳ የሚሰጥ ቃል ነው። ማንበብ የማይችል መንገደኛ እንኳ አይሳሳትም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የመስቀሉ ልኳንዳ ሲዘጋ ጎረቤቱ ባለ ጨረቃው ይሠራል፤ በረመዳን ደግሞ የዚህኛው ገበያ ወደ ማታ ይዞራል። ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ሡልጣኔት በነበረበት፣ አማራውና አርጎባው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ገበያ በሚገናኙበት ምድር ይህች ትንሽ ምልክት ብዙ ትናገራለች። ልዩነትን አትሸሽግም፤ ልዩነቱንም ጠብ አታደርገውም። ከታፔላው ሥዕል ሁሉ ለአካባቢው ኑሮ የታመነው ክፍል ይህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. አጣዬን ያወደመውና እስከ ሸዋ ሮቢት የተሰማው ግጭት፣ ቀጥሎም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሸዋ ሮቢት የገባው ጦርነት በዚህ መሥመር ቤትና ሱቅ አጥፍቷል። ቤት ሲቃጠል ታፔላውም አብሮ ይቃጠላል፤ በኪሣራ መዝገብ ላይ ግን ቆርቆሮ እንጂ ሥዕል ተብሎ አይጻፍም። በአዲስ መልክ የሚከፈተው ሱቅ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በማተሚያ የወጣ የፕላስቲክ ባነር ይሰቅላል። የባነሩ በሬም ፎቶግራፍ ነው፤ ያም ያለ ሻኛ ነው። በመሣሪያው ማሳበብ ግን አይገባም፤ ቀቢውም ሲገለብጥ ኖሯል። ልዩነቱ ቀቢው በገለበጠ ቁጥር እጁ ትንሽ ትስት ስለነበር ነው፤ አልፎ አልፎም በባዕዱ በሬ ጀርባ ላይ ሳያስበው የአገሩን ጉብታ፣ የአገሩን ረጅም ቀንድ ይጨምርበታል። ባነር እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠራም፤ በቆላው ፀሐይም ፈጥኖ ይነጣል።

ስለዚህ በአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሥዕል የሚያስተምሩ መምህራን ተማሪዎቻቸውን እርሳስና ደብተር አስይዘው ወደ ገበያ ቢያወጧቸው ብዙ ያተርፋሉ። መጀመሪያ ያሉትን ታፔላዎች ይገልብጡ፤ የቀቢውን ስም ከባለ ልኳንዳው ይጠይቁ፣ ከሥዕሉ ግርጌም ይጻፉት። ቀጥሎ ወደ ከብት ተራ ሄደው ባለ ሻኛውን በሬ ከነገመዱ፣ ከነነጋዴው ይሣሉ። የሥጋ ቆራጩ ሚስት ፈቃዷ ከሆነ ከምድጃዋ አጠገብ እንደ ቆመች ትሣል። ሥራው መጀመር ያለበት ግን በላሜራ ላይ ከቀሩት አሮጌዎቹ ነው፤ በየዓመቱ እየተነቀሉ ለጣራ መጣፊያ ይውላሉና።