የሊንክ ሰማያዊ

ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ቀለም ሲያማርጥ ቀናት ይፈጃል። እኔ የማደንቀው ግን ሳይመረጥ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀውን፣ የሊንኩን ሰማያዊ ነው። ሞዛይክ የተባለው ብራውዘር በ1993 እ.ኤ.አ. ሊንክን በሰማያዊ አስምሮ ያሳይ ነበር። የዚያን ጊዜ ገጽ መደቡ ግራጫ፣ ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ ቢጫ ይጠፋበታል፣ ቀይ ደግሞ ስህተት የተሠራ ያስመስላል። ሰማያዊው ነጭ ላይም አይደበዝዝም። የተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው የብርሃን ንጽጽር 4.5 ለ 1 ሲሆን፣ የተለመደው የሊንክ ሰማያዊ ከ9 ለ 1 ይበልጣል። ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግራቸውም አይስቱትም፤ የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ አንዱ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ጥንዱ ነው፦ ያልተከፈተው ሰማያዊ፣ የተከፈተው ወይን ጠጅ። ውክፔዲያ ላይ ሳነብ አምሽቼ ወደ መጀመሪያው ገጽ ስመለስ፣ የሄድኩበት ሁሉ ወይን ጠጅ ለብሶ ይጠብቀኛል። ዛሬ ብዙ ዲዛይነሮች ለውበት ብለው ሁለቱን አንድ ቀለም ያደርጓቸዋል (ይቅር ይበላቸው)። አንዱን ዜና ሦስት ጊዜ የከፈትኩት በነሱ ጦስ ነው።