ገልባጭ ተጎታችን በትራክተር ሎደር ማንቀሳቀስ

ገልባጭ ተጎታች በጎተራና በአጥር መካከል ቆሞ የትራክተሩ የኋላ መንጠቆ የማይደርስበት ሲሆን፣ ኦፕሬተሩ የመጎተቻውን ብረት በፊት ሎደር አንሥቶ ያወጣዋል። የሎደሩ መንጠቆም ተጎታቹም ፊት ለፊት ስለሚታዩ አንገት አዙሮ በኋላ ማርሽ ከመሥራት ይቀላል። ኦፕሬተሩን የሚያዘናጋውም ይኸው ቅለት ነው፤ ሎደሩ ለማንሣት አይቸገርም፣ አደጋው የተነሣው ክብደት በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው።

ባለ ሁለት ጎማ ተጎታች ከክብደቱ ከፊሉን በመጎተቻው ላይ ያሳርፋል። ባዶውን 15 ኩንታል የሚመዝን ተጎታች አንድ አሥረኛውን ቢያሳርፍ 150 ኪሎ ነው። 40 ኩንታል ስንዴ ሲጫንበት 550 ኪሎ ይሆናል፤ ጭነቱ ወደ ፊት ካጋደለ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ክብደት ከፊት ጎማዎች አልፎ ስለሚንጠለጠል የትራክተሩን ኋላ ያቀልለዋል። በብዙ ትራክተሮች ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን ጎማ ነውና፣ ኋላው ሲቀል መግፋት ብቻ ሳይሆን መቆምም ያስቸግራል። ስለዚህ ተጎታቹ ጭነቱን አራግፎ፣ ሣጥኑም ወርዶ ይነሣል፤ ከትራክተሩ ኋላ ደግሞ ዲስክ ማረሻ ወይም ሌላ ከባድ ዕቃ ለሚዛን ይንጠለጠላል።

ሰንሰለት በሎደሩ ባኬት ላይ ጠምጥሞ ማንሣት አያዋጣም። ሰንሰለት ይጎትታል እንጂ አይገፋም፤ በላላ ጊዜ ተጎታቹ እንዳሻው ይንሸራተታል። የሚሻለው በባኬቱ መሀል በቡሎን የታሰረ መንጠቆና መቆለፊያ ያለው ፒን ነው። ወደ አንድ ጎን የተገጠመ መንጠቆ የሎደሩን ክንድ ያጣምማል። ረዳቱ ፒን ሊያስገባ የሚጠጋው ትራክተሩ ቆሞ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ኦፕሬተሩም እጁን ከማንሻው ሲያነሣ ነው። የቀዳዳዎቹ መግጠም በጣት አይፈተሽም፤ ቀጭን ብረት ገብቶ ይታያል።

መጎተቻው የሚነሣው የማቆሚያው እግር ከመሬት እስኪላቀቅ ብቻ ነው። ጉዞው በአንደኛ ማርሽ ነው። ትራክተሩ እየገፋ ግንባሩን ወደ ግራ ሲያዞር የተጎታቹ ኋላ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ማዕዘኑ እየጠበበ መግፋት ከቀጠለ ሣጥኑና ባኬቱ ይላተማሉ፤ ያኔ ወደ ኋላ ስቦ ማቃናትና እንደገና መጀመር ይገባል። ባለ አራት ጎማ ተጎታች ሁለት ቦታ ስለሚታጠፍ ለመግፋት አይመችም፤ ቢሳብ ይሻላል።

የመሬቱ አቀማመጥም ይታያል፤ ለምሳሌ ጌዶ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት በሚወስደው መንገድ ከአምቦና ከጉደር አልፋ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ አገሩ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛበታል፣ በክረምትም ጭቃው ያንሸራትታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ፍሬን የሌለው ተጎታች ባዶም ቢሆን ትራክተሩን ይመራዋል። ሎደሩ ለደረቅና ለሜዳማ ግቢ ነው፤ ከበር ሲወጣ ተጎታቹ ከሎደሩ ተፈትቶ ከኋላው ዝቅተኛ መንጠቆ ጋር ይያያዛል።

ሲፈታ መጀመሪያ ታኮው በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ይገባል። መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ከማቆሚያው እግር ሥር ጣውላ ይነጠፋል፤ ከዚያ መጎተቻው ቀስ ብሎ ይወርዳል። ፒኑ እምቢ ካለ ክብደቱ ገና አልለቀቀውም ማለት ነው፤ ሎደሩ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ይላል እንጂ ፒኑ በመዶሻ አይመታም። ፒኑ ከወጣ በኋላ ባኬቱ መሬት ላይ አርፎ ሞተሩ ይጠፋል።