ሊብሬ የሌለው ሞተር

በመካነ ሰላምም ሆነ በወግዲ ያገለገለ ሞተር ሳይክል የሚገዛ ሰው ድምፁን ካዳመጠ በኋላ የሚጠይቀው ሊብሬውን ነው። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩ ከወረቀቱ ጋር ከገጠመ ወደ ዋጋ ይኬዳል፤ ካልገጠመ ጨዋታው እዚያው ይፈርሳል። የድሮ ሞቶክሮስ የሚያድስ ባለሙያ ግን እንዲህ ያለ ወረቀት ብዙም አያገኝም። ሞቶክሮስ ለውድድር ሜዳ እንጂ ለአስፋልት አልተሠራምና አብዛኛው ሰሌዳ ሳይለጠፍበት ከእጅ ወደ እጅ ዞሯል። ማን ምን እንዳደረገው የሚናገረው ብረቱ ነው።

የስዊድኑ ሁስክቫርና ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1689 ጠመንጃ ለመሥራት ተቋቋመ፤ ወደ ሞተር ሳይክል የገባው በ1903 ነው። በ1960ዎቹ ቀላል ቱ ስትሮክ ሞተሩ የአውሮፓን ጭቃ ሜዳዎች አስገበረ። ቶርስተን ሃልማን በ250 ሲሲ ምድብ በ1962፣ በ1963፣ በ1966 እና በ1967 የዓለም ሻምፒዮን ሆነበት። ተዋናዩ ስቲቭ ማክዊንም በ1971ዱ «ኦን ኤኒ ሰንዴይ» ፊልም ላይ ሲጋልበው ታየ። ኩባንያው ራሱ ባለቤት ሲቀያይር ኖሯል፦ የሞተር ክፍሉ በ1987 ለጣሊያኑ ካጂቫ፣ በ2007 ለጀርመኑ ቢኤምደብሊው፣ በ2013 ደግሞ ወደ ኦስትሪያ ተሸጠ።

አዳሹ ቴስታታውን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው የፒስተኑን አናት ነው። ቱ ስትሮክ ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ የሚሰጠው ሞተር ስለሆነ ዘይቱ ያነሰበት ቀን ፒስተኑ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ሬቲፊካ ቤት ገብቶ ሲሊንደሩ በጥቂቱ ይሰፋል፤ በልኩም ከፍ ያለ ፒስተን ይገባለታል። ልኩ አብዛኛውን ጊዜ አናቱ ላይ ተቀርጿል። ስለዚህ «አንድ ሰው ብቻ ነው የነዳው፣ ተከፍቶም አያውቅም» ተብሎ የተሸጠ ሞተር ውስጥ ከፋብሪካው ልክ አንድ ሚሊሜትር የሰፋ ፒስተን ቢገኝ ክርክሩ አለቀ። ቴላዮው ላይ ያለ የብየዳ ጠባሳም፣ ከቀለም ሥር ብቅ የሚል ሌላ ቀለምም እንዲሁ ምስክር ነው።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ የትኛው ባለቤት ዘመን ይመለስ? አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የሚያድሱ ሰዎች መኪናዋን ደስ ባላቸው ደማቅ ቀለም ቢቀቧት ማንም አይፈርድባቸውም፤ ነገ ይነዷታል። ለታሪክ የሚቀመጥ ማሽን ግን እንዲህ አይቀልም።

ለዚህ ከ«ፀሐይ» የበለጠ የኢትዮጵያ ምሳሌ አይገኝም። ይህች አነስተኛ አውሮፕላን በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በ1928 ዓ.ም. በረረች። ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 የጣሊያን ጦር ከተማዋን ያዘ፤ አውሮፕላኗም ወደ ጣሊያን ተወስዳ በኋላ ቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ተቀመጠች። ታድሳ ለኢትዮጵያ በይፋ የተመለሰችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ በእጇ ያቆየቻት ለወራት፣ ጣሊያን ግን ለ88 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። አዳሽ ይህን ረጅም ዘመን ከአካሏ ጨርሶ ቢያጠፋው ከሃንጋር ትናንት የወጣች ታስመስላለች፤ ማርኮ የወሰዳትም ሰው አብሮ ይጠፋል። የሙዚየሙ ዘመን አሻራም ማስረጃ ስለሆነ ሊተርፍ ይገባል።

መካነ ሰላምና ወግዲ ባሉበት በደቡብ ወሎ፣ መቅደላ ላይ፣ የ«ፀሐይ» ተቃራኒ አለ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከአምባው መጻሕፍትና ንዋያተ ቅዱሳት ሲያግዙ ከጋፋት ተጎትቶ የመጣው የዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል እዚያው ቀረ። ግዙፍ ነውና ለመውሰድ አልተመቸም።

የሁስክቫርና አዳሽ ሥራ ከዚህ አንፃር ቀላል ይመስላል፤ ግን ሥርዓት ይጠይቃል። አንድ ቡለን ከመፍታቱ በፊት ፎቶ ያነሳል፣ የሞተርና የቴላዮ ቁጥሩን ይመዘግባል፣ የማርሚታውን ብየዳ ማን መቼ እንደሠራው የቀድሞ ባለቤቶችን ጠይቆ ይጽፋል። አሮጌውን ፒስተን አይጥልም፤ ከማስታወሻው ጋር አሽጎ ሞተሩ ሲሸጥ ለገዢው ይሰጠዋል።