«የነዳጅ መስጫ ጠቋሚ» ስለ ተባለው ስያሜ

ለመካኒክ ሠልጣኞች የተዘጋጀ አንድ የትርጉም ረቂቅ ለአስተያየት ደርሶን ተመልክተነዋል። ረቂቁ በጠቅላላው የሚመሰገን ነው፤ ሆኖም በጋራዥ «ስሮትል ሴንሰር» የሚባለውን ክፍል «የነዳጅ መስጫ ጠቋሚ» ብሎታል። ስያሜው ለጆሮ ቢጥምም ከነገሩ ጋር አይገጥምም።

አንደኛ፣ በቤንዚን ሞተር ስሮትሉ የሚገድበው ነዳጁን ሳይሆን አየሩን ነው። ሁለተኛ፣ «ነዳጅ መስጫ» የታወቀ የፔዳል ስም ነው፤ ስሮትሉ በኤሌክትሪክ በሚከፈትባቸው መኪኖች ደግሞ ፔዳሉ የራሱ ሴንሰር ስላለው ሁለቱ ክፍሎች በአንድ ስም ሊጠሩ ነው። ሦስተኛ፣ «ጠቋሚ» ለሰው ዓይን የሚያሳይ ነው፤ ይህ መሣሪያ ግን የሚያስታውቀው ለሞተሩ ኮምፒዩተር ነው።

የስሕተቱ ክብደት በምርመራው ምዕራፍ ይታያል። ባለ ሦስት ሽቦው የተለመደ ዓይነት 5 ቮልት ይቀበላል፤ የሚመልሰው ምልክት ስሮትሉ ሲዘጋ 0.5 ቮልት ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 4.5 ቮልት ገደማ ነው። ስሮትሉ ቀስ እያለ ሲከፈት ምልክቱ ሳይቋረጥ ማደግ ይገባዋል። መካከል ላይ ድንገት ቢወድቅ የውስጡ መነካኪያ ማለቁን ያመለክታል። ረቂቁ ይህን ሁሉ «ጠቋሚው ከፍ ዝቅ ካለ ይለወጥ» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አጠቃሎታል። ሠልጣኙ ይህን አንብቦ ወደ ነዳጅ መለኪያው ቢያመራ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

ከዚህ የባሰው ፒ0122 የተባለው የብልሽት ኮድ አተረጓጎም ነው። ኮዱ የሚናገረው በሴንሰሩ የኤሌክትሪክ መስመር ላይ ያለው ቮልት ማነሱን ብቻ ነው፤ ተርጓሚው ግን «መስመር» የሚለውን ትቶ «ጠቋሚው ተበላሽቷል» ብሏል። የተበጠሰ ሽቦ ወይም የዛገ መጋጠሚያም ይህንኑ ኮድ ሊያመጣ ስለሚችል፣ በአንዲት ቃል መጉደል ደኅናው ዕቃ ተጥሎ የመኪናው ባለቤት ለከንቱ ወጪ ይዳረጋል።

እኛ «የስሮትል አቋም ዳሳሽ» የሚለውን እናቀርባለን። «ካምቢዮ»ና «ፍሪሲዮን» ከጣልያንኛ ገብተው እንደ ለመዱ ሁሉ፣ «ስሮትል»ም በሙያተኛው አፍ የገባ ስለሆነ ማስወጣቱ አያስፈልግም። «የአየር በር» ቢባል ደግሞ አየር ከሚዘጋው ከካርቡራቶሩ ቾክ ጋር ይምታታል። «ዳሳሽ»ን በተመለከተ፣ በዚህ ዓይነቱ ሴንሰር ውስጥ መነካኪያው መንገዱን በእርግጥ እየዳሰሰ የሚሄድ በመሆኑ ቃሉ ከሥራው ጋር ይስማማል፤ ሳይነካካ በማግኔት ለሚሠራው አዲሱ ዓይነት ግን ፍቺው ሰፋ ተደርጎ በመዝገበ ቃላቱ ሊብራራ ይገባል።