ጠዋት ጠዋት እምቢ የሚለው ኮምፒውተር

የማይነሳ ኮምፒውተር ጥገና በካቻቢቴ አይጀመርም። ጥሩ ጠጋኝ መጀመሪያ ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ያዳምጣል፣ ቀጥሎ ያሸታል፤ ብሎን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሥርዓት ጠብቆ የሚሠራ ሰው ብዙ ስለማይገኝ፣ ሳገኝ አጠገቡ ቆሜ ማየት እወዳለሁ። አዲስ አበባ መገናኛ አካባቢ፣ አንድ ጠረጴዛና ሁለት በርጩማ ብቻ በምትችል ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ወጣት አለ። ሐምሌ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር የቤታቸውን ኮምፒውተር አስጭነው መጡ። ሌላ ቦታ «ማዘርቦርዱ ሞቷል» ተብለዋል።

«ጋሼ፣ ሲጫኑት ጭራሽ ዝም ነው የሚለው ወይስ ጀምሮ ይተወዋል?»

«ይጀምራል። ፋኑ ዞር ዞር ይልና ቀጥ ይላል። ደግሞ መልሶ ይሞክራል።»

«የሚብስበት ሰዓት አለው? ጠዋት ነው ማታ?»

መምህሩ አሰብ አደረጉ። «እውነትህን ነው ልጄ፤ ጠዋት ጠዋት ነው እምቢ የሚለው። ስጫነው ስጫነው ረፋድ ላይ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ እስከ ማታ አያስቸግረኝም።»

ልጁ ቁራጭ ወረቀት ላይ «ሲበርድ» ብሎ ጻፈና ሳጥኑ ላይ ለጠፈው። ከዚያ በኋላ የሠራው ሁሉ ይህቺን አንዲት ቃል ለመፈተን ነበር።

«ፎርማት ይደረግ» የሚል ምክር በየሰፈሩ አይጠፋም። በተነሳ በአንድ ሴኮንድ የሚጠፋ ኮምፒውተር ግን ገና ዊንዶውስ ጋ አልደረሰም፤ ከሃርድ ዲስኩ አንዲት ፊደል እንኳ አላነበበም። ችግሩ ያለው ከዚያ በፊት ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው፤ ከግድግዳው ሶኬት እስከ ፓወር ሰፕላዩ፣ ከፓወር ሰፕላዩ እስከ ማዘርቦርዱ፣ ከማዘርቦርዱ እስከ ፕሮሰሰሩና ራሙ። ፎርማት እዚህ መንገድ ላይ ያለውን ብልሽት አይነካውም፤ የሰውየውን የዓመታት ጽሑፍ ግን ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ልጁ ከሁሉ በፊት ሃርድ ዲስኩን ፈታ፣ በጨርቅ ጠቀለለና ለመምህሩ ሰጣቸው። «ይሄን እርስዎ ይያዙት ጋሼ፤ ለአሁኑ እኔ ጋ ሥራ የለውም።» ብዙ የጥገና ሱቅ አይቻለሁ፤ ከዚህ የበለጠ አክብሮት ያለው እጅ አላየሁም።

ቀጥሎ ዲቪዲው፣ የግራፊክስ ካርዱ፣ የፊት ለፊቱ የዩኤስቢ ገመዶች ሁሉ ተነቀሉ። ማዘርቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ ከነፋኑ፣ አንድ ራምና ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ቀሩ። ብዙ ነገር በተሰካበት ማሽን ላይ ተጠርጣሪው ብዙ ነው። ብሎኖቹን በቆርኪ ለያይቶ አስቀመጣቸው፤ የዲቪዲው ለብቻ፣ የሳጥኑ ለብቻ። ሲያዩዋቸው አንድ ይመስላሉ እንጂ ጥርሳቸው ይለያያል፤ ያለቦታው የገባ ብሎን ክሩን ይበላዋል። ማብሪያውንም አላመነውም። ተጭኖ የቀረ ማብሪያ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ከአራት ሴኮንድ በኋላ መልሶ ሊያጠፋው ይችላል። የማብሪያውን ገመድ ከቦርዱ ነቀለና ሁለቱን ሹል እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረጋቸው። ፋኑ ዞረ፣ ቆመ። ማብሪያው ከደሙ ንጹሕ ነው።

ፓወር ሰፕላዩ ላይ ሲደርስ እጁ ቀስ አለ። የጠፋ ኮምፒውተር ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ፈጽሞ አያንቀላፋም፤ በሐምራዊው ሽቦ 5 ቮልት ሁልጊዜ ይመጣል፣ ማብሪያው ሲነካ የሚነቃውም በእሱ ነው። አረንጓዴው ሽቦ ከጥቁሩ ጋር ሲገናኝ ደግሞ ዋናው ኃይል ይለቀቃል። ይህ አሠራር ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ካወጣው ኤቲኤክስ ከተባለው ደንብ ጀምሮ የዘለቀ ነው። ልጁ ባለ 24 ቀዳዳውን መሰኪያ ከቦርዱ ነቅሎ አረንጓዴውንና ጥቁሩን በታጠፈ የወረቀት ክሊፕ አገናኘ። ፓወር ሰፕላዩ ተነሳ።

እዚህ ላይ «ደህና ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር። ጭነት የሌለበት ፓወር ሰፕላይ ግን ጥሩ ቁጥር ማሳየት አያቅተውም። መሰኪያውን ወደ ቦርዱ መለሰው፤ የመልቲሜትሩን ቀጫጭን ጫፎች ከመሰኪያው ጀርባ፣ ሽቦዎቹ በሚገቡበት በኩል አሾለከና ኮምፒውተሩ ለመነሳት በሚታገልባት ቅጽበት ለካ። የቢጫው 12 ቮልት ከ11.4 መውረድ፣ ከ12.6 መውጣት የለበትም፤ የቀዩ 5 ቮልት ከ4.75 እስከ 5.25 ነው ልኩ። ሁለቱም ከልካቸው አልወጡም። ይህም አልበቃውም፤ ደህንነቱን የሚያውቀውን የራሱን ፓወር ሰፕላይ ሰካ። ኮምፒውተሩ ያንኑ አደረገ። የመምህሩን ፓወር ሰፕላይ ሳይከፍተው ወደ ጎን አስቀመጠው። ውስጡ ያለው ትልቅ ካፓሲተር ከ220 ቮልቱ መብራት ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ኃይል ይይዛል፣ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ሊያቆየው ይችላል። ያልበደለ ዕቃ ለማየት ሲባል ብቻ አይከፈትም።

ከዚያ ከመሳቢያው ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ስፒከር አወጣ፣ ቦርዱ ላይ ሰካትና ራሙን ነቀለው። ያለ ራም ማስነሳት ለማያውቅ ሰው ጥፋት ይመስላል። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ በሕይወት ካለና ባዮሱን ካነበበ፣ ራም ያጣ ቦርድ መጮህ አለበት፤ ቅሬታው የጤና ምልክት ነው። ኮምፒውተር በጩኸት መናገሩ አይቢኤም በ1981 እ.ኤ.አ. ካወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ጀምሮ የቆየ ልማድ ነው፤ ያ ማሽን ራሱን ፈትሾ ሲጨርስ ሁሉ ደህና ከሆነ አንዴ አጠር አድርጎ ይጮህ ነበር። የመምህሩ ኮምፒውተር ሁለቴ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ ረጅም ጩኸት ጀመረና መሃሉ ላይ ተቆረጠ።

ልጁ ቀና አለ። «ፕሮሰሰሩ አለ» አለ። «ማዘርቦርዱ ሞቷል» የተባለው ፍርድ ለእኔ የፈረሰው እዚህች ላይ ነው።

የራሙን የወርቅ ጥርሶች በላጲስ ጠርጎ መለሰው፣ በሌላ ራምም ሞከረ፤ ለውጥ የለም። ያኔ የእጅ ባትሪ አበራና መብራቱን ከጎን፣ ከቦርዱ ጋር ሊተኛ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አድርጎ ያዘው። ከላይ የሚበራ መብራት ጉብታን ይሰውራል፤ ከጎን የሚመጣ ግን ጥላ ያወጣለታል። ከፕሮሰሰሩ ጎን በተደረደሩት አምስት ካፓሲተሮች ላይ ልዩነቱ ወጣ። የሁለቱ አናት ጠፍጣፋ ነው። ሦስቱ አብጠዋል፤ የአንደኛው አናት ላይ በመስቀል ቅርጽ የተቀረጸው ስንጥቅ ተከፍቶ ቡናማ ቅርፊት አውጥቷል።

ፕሮሰሰሩ የሚጠቀመው 1 ቮልት ገደማ ነው፤ የሚላክለት ግን 12 ነው። ዙሪያውን ያሉት ክፍሎች 12ቱን ያወርዱታል፤ ካፓሲተሮቹ የወረደውን አጠራቅመው ፕሮሰሰሩ በድንገት ብዙ ሲጠይቅ ያቀብሉታል። ውኃ መጣ ሄደ በሚልበት ሰፈር ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ የሚሠራውን ሥራ ነው የሚሠሩት። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ለዓመታት ሲሞቅ ይመናመናል፤ የቀረውም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል። በሐምሌ ጠዋት ኮምፒውተሩ የሚሸነፈው ለዚህ ነው። መምህሩ ደጋግመው ሲጫኑት የሚሆነው ካፓሲተሮቹ እየሞቁ መሄዳቸው ነው፤ ረፋድ ላይ እንደምንም ይበቃሉ።

ያበጠ ካፓሲተር ያየ ሰው ወዲያው መበየጃውን ቢሰካ ማንም አይወቅሰውም። ይህ ልጅ ግን ከጎረቤት ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተዋሰ። አምስቱን ካፓሲተሮች ከራቅ ብሎ በለስላሳው ሙቀት አሞቃቸውና የማብሪያውን እግሮች በካቻቢቴው ነካ። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ሙከራ ተነሳ። አጠፋው፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፣ ደግሞ ነካ። እምቢ አለ። ጥርጣሬው በማስረጃ ተተካ፤ ቦርዱ ላይ ትኩስ ብረት ለማሳረፍ አሁን መብት አለው።

ነቅሎ ያከማቻቸው አሮጌ ካፓሲተሮች ሞልተውታል፤ ዕድሜያቸው ስለማይታወቅ አልነካቸውም። አዳዲሶቹን ሲመርጥ የማይክሮፋራዱን መጠን እኩል አደረገ፣ ቮልቱን ከ6.3 ወደ 10 ከፍ አደረገ፣ 105 ዲግሪ የሚችሉ መሆናቸውን ጎናቸው ላይ አነበበ። አምስቱንም ሊለውጥ ነው። ሁለቱ ባያብጡም የኖሩት እዚያው ሙቀት ውስጥ ነው።

የሚያስቸግረው መንቀሉ ነው። የካፓሲተሩ ኔጌቲቭ እግር ቦርዱ ውስጥ ካለው ሰፊ የመዳብ ንጣፍ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሙቀቱን ሁሉ ንጣፉ ይወስደዋል፤ ሊዱ ቶሎ አይቀልጥም። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ይጎትታል። ሲጎትት የቀዳዳውን ውስጥ የለበሰው ስስ መዳብ አብሮ ይወጣና ቦርዱ ያን ጊዜ በእውነት ይሞታል። ልጁ አሮጌው ሊድ ላይ አዲስ ሊድ ጨመረበት፤ አዲሱ ቀልጦ አሮጌውን ያለሰልሰዋል። ከዚያ አንዱን እግር አሞቀ፣ ካፓሲተሩን በጣቱ በጣም ጥቂት ዘንበል አደረገ፤ ሌላውን አሞቀ፣ ወደዚያኛው ጎን ዘንበል አደረገ። አልጎተተም። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ምልልስ ካፓሲተሩ በራሱ ጊዜ ለቀቀ።

ቀዳዳው በሊድ ተደፍኖ ሲቀር ስቴኪኒ አነሳ። ከአንዱ ወገን እያሞቀ ከሌላው ወገን ስቴኪኒውን ገፋ፤ እንጨት ላይ ሊድ ስለማይጣበቅ ጥርት ያለ ክብ ቀዳዳ ቀረ። የአዲሱን ካፓሲተር ኔጌቲቭ መስመር ቦርዱ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተያየ፣ ሰካ፣ በየደ፣ ትርፉን እግር በመቁረጫ ቆረጠ። ሲጨርስ ቦርዱን ገልብጬ አየሁት። አሥሩም ብየዳዎች አጫጭር፣ የሚያበሩ፣ ከጎናቸው ወደ ውስጥ የጎበጡ ናቸው፤ ከፋብሪካው ብየዳ የለየኋቸው የበለጠ ስለሚያበሩ ብቻ ነው።

ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት በአልኮል ጠርጎ አዲስ ቀባ። የሰዓቱን ክብ ባትሪም ለካው፤ 3 መሆን ሲገባው 2.4 ስለነበር ለወጠው።

መምህሩ በዚያው ምሽት ሊወስዱት ፈልገው ነበር። ልጁ አልሰጣቸውም። «አሁን ሞቋል ጋሼ፤ ቢነሳም ማስረጃ አይሆንም። ይደር።» ኮምፒውተሩ ከሶኬት ተነቅሎ ሱቁ ውስጥ ሲሚንቶው ላይ አደረ። በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ስደርስ ዝናቡ አላባራም። አንዴ ነካው። ፋኑ ዞረ፣ ስፒከሯ አጠር አድርጋ አንዴ ጮኸች። አጥፍቶ አቀዘቀዘው፣ ደግሞ አስነሳው። መምህሩ ሃርድ ዲስኩን ይዘው ሲደርሱ ሰካላቸውና አንድ ሰዓት ያህል አሠራው፤ በየመሃሉ የአዳዲሶቹን ካፓሲተሮች አናት በጣቱ ጫፍ እየነካ ሙቀታቸውን ተከታተለ። ከዚያ ሒሳቡን የዕቃውን ለብቻ፣ የእጁን ለብቻ ጽፎ ሰጣቸው።