ርችቱ ቀደመ፣ እቅፉ ዘገየ

ዊኒ ዘ ፑ ሜዳው ላይ ብቻውን ነበር። የቢራቢሮ መረብ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይላል። በእኛና በእሱ መካከል አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ ሰፊ ሣር አለ። የእህቴ ልጅ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ናት፣ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ጠበቀች። ፑ አያት፣ እጁን አወዛወዘላት፣ ከዚያ ወደ ቢራቢሮው ተመለሰ።

"አክስቴ፣ ለምንድነው የማይመጣው?" አለችኝ።

"ሥራ ይዟል" አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?

ጊዜው ጁላይ 2021 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው)። ቦታው ፍሎሪዳ፣ ኦርላንዶ አጠገብ፣ የዋልት ዲዝኒ ወርልድ ማጂክ ኪንግደም። ትኬቱን እህቴ የገዛችው ከወረርሽኙ በፊት ነበር። ያኔ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ሆቴል የግብዣ አዳራሽ አስተናጋጅ ነበረች። ማርች 2020 ላይ ሆቴሉ ደውሎ "ቤት ቆዩ፣ እንጠራችኋለን" አላቸው። ፑ ቢራቢሮ ሲያባርር ባየንበት ቀን እህቴ ገና አልተጠራችም። እንዲያውም የሄድነው ትኬቱ ጊዜው እንዳያልፍ ብለን ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ በሁለት ሰው ዓይን አንብቡት። አንዱ የእኔ ነው፣ ፊልምና መጽሐፍ መተቸት የለመደ። ሌላው የእህቴ ነው፣ አዳራሽ ስትገባ መጀመሪያ አስተናጋጅ የምትቆጥር። ከሁለታችን ማን የተሻለ እንዳየ በመጨረሻ ትፈርዳላችሁ።

"የመዝናኛ ፓርክ ደግሞ ምኑ ይተቻል?" የሚል አይጠፋም። እኔ የምለው፣ ራሱ ፓርኩ ነው ተቹኝ ያለን። ዲዝኒ ሠራተኞቹን "ሠራተኛ" አይላቸውም፤ "ካስት ሜምበር" ነው የሚላቸው፣ የተውኔቱ አባላት እንደማለት። ጎብኚ የሚያየው ቦታ ሁሉ መድረክ ነው፤ ፖፕኮርን የሚሸጠውም፣ መንገድ የሚጠርገውም ተዋናይ ነው። በቃ፣ ቲያትር ከሆነ እንደ ቲያትር እንየው። ከወራት በኋላ መጋረጃው ሲገለጥ የትኛው ትዕይንት ቀድሞ መጣ? የትኛው እስከ መጨረሻ ቆየ? የትኛውስ ጨርሶ ቀረ? ቅደም ተከተሉ ራሱ የሚነበብ ነገር ነው።

እንዲህ ነው የሆነው። ፓርኮቹ ማርች 16 ቀን 2020 በራቸውን ዘጉ። ጁላይ 11 ማጂክ ኪንግደምና አኒማል ኪንግደም፣ ጁላይ 15 ደግሞ ኤፕኮትና ሆሊውድ ስቱዲዮስ ተከፈቱ። መጫወቻዎቹ ሠሩ፣ ሱቆቹም ሠሩ። ርችት ግን የለም፤ ትልቁ ፓሬድ የለም፤ ሚኪን ማቀፍ የለም። ርችቱ የተመለሰው ጁላይ 1 ቀን 2021 ነው፣ እኛ ከመድረሳችን ጥቂት ቀደም ብሎ። ቡፌው አንድ በአንድ እየተከፈተ መጣ። የማጂክ ኪንግደም የቀን ፓሬድ እስከ ማርች 2022 ቆየ። ማቀፍ የተፈቀደው ኤፕሪል 18 ቀን 2022 ነው።

ወቀሳ ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ላመስግን። ወረርሽኙ ዲዝኒን ለጥቂት ጊዜ የተሻለ ቲያትር አድርጎት ነበር። ትልቁን ፓሬድ ለማየት ሰው አንድ ሰዓት ቀድሞ መንገድ ዳር ይቀመጣል፤ ትከሻ ለትከሻ ይተፋፈጋል። ያ በዚያን ጊዜ የማይታሰብ ስለነበር በምትኩ ካቫልኬድ የሚሉትን አመጡ። አንድ ወይም ሁለት ያጌጡ ተሽከርካሪዎች፣ ጥቂት ገጸ ባሕርያት፣ ሰዓቱ ያልተነገረ፣ ድንገት ከጥግ ብቅ ብሎ በጥቂት ደቂቃ የሚያልፍ። ሰው እንዳይሰበሰብ የተፈጠረ ዘዴ ነው። የሰጠን ነገር ግን ድንገተኛነትን ነው። አይስክሬም እየላስን ሙዚቃ ሰማን፣ ዘወር ስንል ልዕልቶቹ እያለፉ ነው። ማንም ቦታ አልያዘም፣ ማንም ልጅ ትከሻ ላይ አልሰቀለም። ፑም እንደዚያው። ድሮ ልጆች ተሰልፈው ፎቶ ይነሱት የነበረው ድብ አሁን የራሱ ሕይወት አለው፣ ቢራቢሮ አለው፣ ብቸኝነት አለው። ርቀቱን በቴፕና በምልክት ብቻ ሳይሆን በታሪክ ነገሩን። ይህ ጥሩ ድርሰት ነው።

ምግቡ ላይ ደግሞ ያየሁት አሳቀኝ። አኒማል ኪንግደም ውስጥ ሐራምቤ የሚባል የውሸት ከተማ አለ፤ የምሥራቅ አፍሪካ የባሕር ዳር ከተማ ተደርጎ የተሠራ፣ ስሙም ከስዋሂሊ የተወሰደ። ፓርኩ የተከፈተው በ1998 ነው፤ ሐራምቤ ግን ገና ሲወለድ አሮጌ ነበር። ግድግዳው እንዲሰነጠቅ ተደርጎ ተሠራ፣ ቀለሙ እንዲላጥ ተደርጎ ተቀባ። እዚያ ያለው ታስከር ሀውስ በቡፌው የታወቀ ቤት ነው። እኛ ስንገባ ቡፌው ቀርቷል፤ ሰው ሁሉ አንድ ጭልፋ እንዳይነካ ምግቡ በትልልቅ ሳህን ጠረጴዛችን ድረስ መጣ፣ ለሦስታችን አንድ ላይ። "ፋሚሊ ስታይል" ይሉታል። እህቴ ማስኳን ዝቅ አድርጋ "እንዴ፣ ይሄማ ትሪ ነው" አለች። ማዕድ ማለት ነው! እንግዳ ከእንግዳ ጋር እንዳይነካካ ተብሎ ቤተሰብን በአንድ ገበታ ሰበሰቡት።

ሳቃችን ሳያልቅ ግን እህቴ ዙሪያውን ማየት ጀመረች። "ቡፌ ሲሆን ሰው ራሱ ያነሳል፤ አስተናጋጅ መጠጥ ያመጣል፣ ሳህን ያነሳል። አሁን ምግቡንም እሱ ነው የሚሸከመው። ሰው ጨምረዋል ብለሽ ነው?" አለችኝ። እኔ አላውቅም። እሷም አታውቅም። የሚያስተናግደን ልጅ ግን ሲሮጥ ነው ያየሁት። ዶናልድ ዳክ ራቅ ብሎ እጁን እያወዛወዘ አለፈ፤ የእህቴ ልጅም እጇን አወዛወዘች። ሁለተኛ እጇን አልዘረጋችም። በአንድ ቀን ለመደችው።

ርችቱ ከፓሬዱም ከእቅፉም በፊት ለምን ተመለሰ? አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሰማይ ላይ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ሁለተኛውን የነገረችኝ እህቴ ናት። "ርችት ሲኖር ሰው ያመሻል። ሰው ካመሸ እራት ይበላል።" ግብዣ አዳራሽ ውስጥ ኬኩ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ለምን እንደሆነ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል! ትርኢትና ምግብ ተደጋግፈው ነው የሚቆሙት፤ ትርኢቱ ሰውን ይይዛል፣ ምግቡ ይሸጣል። ስለዚህ "ደስታችሁን መለስንላችሁ" የሚለው ዜና "የእራት ሰዓታችንን መለስን" የሚልም ዜና ነው። በዚህ አልፈርድባቸውም፤ ንግድ ነው። ግን ከቤተ መንግሥቱ በላይ ርችቱ ሲፈነዳ፣ አጠገቤ የነበረች ሴትዮ ስታለቅስ፣ እኔም ዓይኔ እርጥብ ሲል፣ ሁለቱ እውነቶች አንድ ላይ ቆመው ነበር። ደግሞ ያለቀስንለት ያ ትርኢት፣ "ሀፒሊ ኤቨር አፍተር"፣ ከተመለሰ ሦስት ወር ሳይሞላው ሴፕቴምበር 29 ላይ ተቋረጠ። ለፓርኩ ሃምሳኛ ዓመት ሌላ ትርኢት ተተካ። የድሮው እንደገና የመጣው ኤፕሪል 2023 ነው። ያንኑ አንድ ትርኢት ሁለት ጊዜ መለሱልን።

ጨርሶ ያልተመለሰውስ? ድሮ ፋስትፓስ የሚባል ነገር ነበር፤ የአንዳንድ መጫወቻ ወረፋን የሚያሳጥር፣ ከትኬቱ ጋር በነፃ የሚሰጥ። በወረርሽኙ ጊዜ ቆመ። ኦክቶበር 2021 ላይ የመጣው ምትክ ጂኒ ፕላስ ይባል ነበር፤ ሲጀመር ዋጋው ለአንድ ሰው በቀን 15 ዶላር ነበር። ከአየር ማረፊያ የሆቴሎቹን እንግዶች በነፃ ያመጣ የነበረው አውቶቡስም በ2022 መጀመሪያ ቀረ። እዚህ ላይ ነው የእኔ ክርክር ያለው። "ገደቡ ሲላላ ነገሮች ይመለሳሉ" የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት የተለያዩ መቅረቶችን በአንድ ከረጢት ይከታል። እቅፉን ያዘገየው በሽታው ነው፤ ትክክልም ነበር። ነፃውን ወረፋ ያስቀረው ግን ቫይረስ አይደለም። ቫይረሱ በሩን ዘጋ፤ በሩ ሲከፈት ዋጋ የለጠፈበት ሌላ ነው።

ከዚያ ሰው አለ። ሴፕቴምበር 29 ቀን 2020፣ ፓርኮቹ ፍሎሪዳ ውስጥ ተከፍተው ካሊፎርኒያ ውስጥ ገና ተዘግተው ሳሉ፣ ኩባንያው በአሜሪካ ከፓርኮች ክፍሉ 28,000 ሠራተኞች እንደሚያሰናብት አስታወቀ፤ 67 በመቶው የሙሉ ጊዜ ያልሆኑ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ ደግሞ የተዋንያኑ ማኅበር አክተርስ ኢኩዊቲ አንድ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፦ ማስክ አድርገው መዝፈን የማይችሉ አባሎቻችን ይመርመሩ። ማኅበሩ እንዳለው ይህን በመጠየቁ የአባላቱ ጥሪ ተሰረዘ። ስምምነት የተደረሰው ኦገስት ላይ፣ እዚያው ግቢ የምርመራ ቦታ እንዲከፈት ከተወሰነ በኋላ ነው። እስከዚያ መድረኮቹ ያለ እነሱ ከረሙ።

እኛ በሄድንበት ጊዜ "ፌስቲቫል ኦፍ ዘ ላየን ኪንግ" ተመልሷል ተብሎ ነበር፤ "ሰለብሬሽን" የሚል ቃል ከፊቱ ተጨምሮበት። ዘፈኑ አለ፣ እሳቱ አለ። የዝንጀሮ ልብስ ለብሰው ይገለባበጡ የነበሩት አክሮባቶች ግን የሉም። ድሮ ትርኢቱን ያላየ ሰው ጉድለቱን አያውቅም። ሰንጥቆ ማሳመር የሚችል ቦታ፣ ክፍተትን መሸፈን አያቅተውም። አክሮባቶቹ የመጡት ጁላይ 2022 ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድነው ሜይ 2022 ነው። እህቴ ሥራ ተመልሳለች፤ ሆቴሏ ከጠራቸው ግማሾቹን ብቻ ነው፣ ሰዓቷም ቀንሷል። ኤፕኮት ውስጥ የአሥራ አንድ አገሮች ቤቶች ሐይቅ ዙሪያ ተደርድረዋል። በድሮው ወግ ፈረንሳይ ቤት የምታስተናግድህ ፈረንሳዊት፣ ጃፓን ቤት ጃፓናዊ ነበር፤ ስማቸው ሥር የመጡበት ቦታ ይጻፋል። በ2020 እነዚያ ወጣቶች ወደ አገራቸው ተሸኙ። ፕሮግራሙ መመለስ የጀመረው ኦገስት 2022 ስለሆነ እኛ አልደረስንበትም። ፈረንሳይ ቤት ያስተናገደችን ልጅ ስም ሥር የፍሎሪዳ ከተማ ነበር የተጻፈው። ጥሩ ልጅ ናት፣ በደንብ ነው ያስተናገደችን። ግን ዳቦው ቀድሞ ተመልሶ፣ አገሩን ወክሎ የሚቆመው ሰው ከሁሉ ኋላ ሲጠራ፣ የተውኔቱ አባል የሚለው ማዕረግ ምን ያህል እንደሚመዝን ይታያል።

"ታዲያ ምን ያድርጉ? ቪዛ አለ፣ ጉዞ አለ፣ ድንበር ተዘግቷል" የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ሁሉም መዘግየት ክፋት አይደለም። እኔ የምጠይቀው ስለ ቃሉ ነው። "ተመለሰ" ስንባል፣ ማን? ብለን እንጠይቅ። እህቴ በዚያ ምሽት ይህንኑ ነው ያደረገችው። አኒማል ኪንግደም ሎጅ ውስጥ ቦማ የሚባለው ቤት ቡፌው ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፤ ቦቦቲው፣ ሾርባዎቹ፣ የሜዳ አህያ መስመር ያላቸው ትንንሽ ጣፋጮች። ሰው ሳህን ይዞ ይተራመሳል። እህቴ ሳህኗን ሳትሞላ ከአንዲት አስተናጋጅ ጋር ወሬ ጀመረች። "አንቺንስ መቼ ጠሩሽ?" ነበር የመጀመሪያ ጥያቄዋ። ሁለቱ ሲያወሩ ሾርባዬ ቀዘቀዘ። በጽሑፌ ውስጥ ካሉት ቀኖች ሁሉ የሚበልጠው እሷ የመለሰችው ቀን ይመስለኛል፤ የእሷ ስለሆነ ግን አልጽፈውም።

በማግሥቱ ወደ ማጂክ ኪንግደም ሄድን። የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመት ሞልቷታል። በዚህኛው ጊዜ አጥር የለም፣ ሣር የለም። ሚኪ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆሟል፣ እጆቹን ዘርግቶ። ልጅቷ ቆመች። አንድ እጇን አነሣችና አወዛወዘችለት።

ሚኪ ማውራት አይፈቀድለትም። እጆቹን እንደዘረጋ ጠበቀ። ከኋላችን ወረፋው ረጅም ነው። እጄን ወደ ትከሻዋ ስሰድ እህቴ ያዘችኝ።

"ተዪያት" አለች። "ጊዜ ስጪያት።"